ሰባ አንድ ቀለበት ያለው ገመድ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሕፃናት ማቆያው ዳይሬክተር ሠራተኞቿን በሙሉ ግቢው መሀል አሰለፈችና፣ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ከዛሬ ጀምሮ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ሳሙና እንዳለ በይፋ አስታወቀች።

ያጨበጨበ የለም። ዘበኛው ብቻ፣ ነገሩ የሚጠይቀው መስሎት፣ ኮፍያውን አወለቀ። ሳሙናዎቹ አራት ናቸው፤ አረንጓዴ ናቸው፤ ገና ከወረቀታቸው አልወጡም። ዳይሬክተሯ ንግግሯን ስትቋጭ፣ ገምጋሚው መጥቶ እስኪያያቸው ድረስ ውሃ የሚባል ነገር እንዳይነካቸው አጥብቃ አሳሰበች። ምግብ አብሳይዋ ከጎኗ ለቆመችው ሞግዚት፣ እኛም ገምጋሚ ቢመጣልን ሳይነኩን እንውል ነበር ብላ ሹክ አለቻት። ሞግዚቷ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

ነርሷ አልሳቀችም። ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት፤ ሌላ ስም እንዳላት ራሷም የምታስታውሰው ደመወዝ ስትፈርም ነው። ሃምሳውን አልፋለች፤ ጉልበቷ ይይዛታል፤ ከሰልፉ መጨረሻ ሁለት እጆቿን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከታ ቆማለች። ኪሷ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ነው። ሕፃኑ ክንድ ላይ ይጠመጠማል፤ አረንጓዴው ላይ ካረፈ ልጁ ደህና ነው፤ ቢጫው ላይ ካረፈ ያሰጋል፤ ቀዩ ላይ ካረፈ ልጁ በሁለት ቀን ውስጥ ሆስፒታል መግባት አለበት። ሁለተኛው አራት ቦታ የታጠፈ የሪፈር ወረቀት ነው። ዕድሜ ተሞልቷል፣ ክብደት ተሞልቷል፣ ምክንያት ተሞልቷል። የጎደለው የዳይሬክተሯ ፊርማና ማህተም ብቻ ነው። ወረቀቱ ከተጻፈ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

ወረቀቱ የእማማ ነው።

እማማ ሦስት ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጣችላት ምግብ አብሳይዋ ናት፤ ያወጣችላት ጊዜ ያስቅ ነበር። ልጅቷ ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ግንባሯ ተሸብሽቦ፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ብዙ ልጅ ወልዳ ብዙ የቀበረች አሮጊት መስላለች። ቁጭ ስትልም እንደ አሮጊት ነው፤ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ የሌሎቹን ጨዋታ ከሩቅ እያየች። ሞግዚቶቹ ሲያልፉ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ይሏታል። እሷም ራሷን ትነቀንቅላቸዋለች። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ራሷን መነቅነቅ ትታለች፤ እነሱም ጥያቄውን ትተውታል።

እናቷ የቀን ሠራተኛ ናት። አንድ ቀን ሥራዋን ትታ ሆስፒታል ይዛት ሄዳ ነበር። ካርድ ክፍሉ፣ ልጅቱ በመንግሥት ማቆያ የተመዘገበች ስለሆነች ያለ ማቆያው ማህተም አንቀበልም ብሎ መለሳት። እናትየው የቀን ሥራዋንም አጣች፤ ልጇንም እንደያዘቻት ተመለሰች።

ትናንት፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዳይሬክተሯ ነርሷን ወደ ቢሮዋ ጠርታ በሩን ዘጋች። «ሲስተርዬ» አለቻት። ዳይሬክተሯ «ዬ» ከጨመረች ነገር አለ ማለት ነው። ሻይ አስቀዳችላት፤ ስኳሩንም ራሷ አማሰለችላት። ከዚያ ነገሩን ከሩቅ ጀመረች። አምና የላይኛው ሰፈር ማቆያ ሲገመገም አምስት ልጆች ቀይ ላይ ወደቁ። ማቆያው «ለማስተካከያ» ተዘጋ። ማስተካከያው እስከ ዛሬ አላለቀም፤ በሩ ላይ ሣር በቅሏል። ልጆቹ የት እንደገቡ የሚጠይቅ ቅጽ ደግሞ እስካሁን አልታተመም።

እኛ ዘንድ ስንት ቀይ አለ ብላ ጠየቀች፣ እያወቀች። ነርሷ ስድስት አለች።

«ስድስቱን ለአንድ ጠዋት ዞር ብናደርጋቸው ስልሳ አምስቱ ምሳ አላቸው። ስድስቱም ምሳ አላቸው። ከተዘጋብን ግን የማን ልጅ ነው የሚበላው? አንቺው ንገሪኝ።»

«እማማን ዛሬ ፈርመሽ ልስደዳት። ሌሎቹ ይቆዩ።»

«ዛሬ ከላክናት ስሟ ነገ ጠዋት ሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ይገኛል። ሰውዬው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።»

«ልጄ፣ ልጅቷ አትቆይልንም» አለች ነርሷ።

«ስምንት ቀን ቆይታ የለ? አንድ ቀን ያቅታታል?» አለችና ዳይሬክተሯ የተናገረችው ራሷን አስደነገጣት፤ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ክፉ ሰው አይደለችም። ባለፈው ወር የዱቄት ወተት ሲያልቅ ከቤቷ ሁለት ቆርቆሮ አምጥታ ለማንም ሳትናገር ዕቃ ቤት ያስገባችው እሷ ናት። «ልጆቼን ይንሳኝ» አለች ቆይታ፣ «ሰውዬው ነገ ከግቢ እግሩ እንደወጣ ማህተሙን እመታልሻለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ትሆናለች።»

ነርሷ ሻይዋን ጠጣች። እሺም እንቢም አላለችም፤ ሻይዋን ግን እስከ ጭላጩ ጠጣች። ሻይ ከጠጣሽ ወዲያ እንቢ ማለት ይከብዳል፤ ይኼን ዳይሬክተሯም ታውቃለች።

እናም ማክሰኞ ጠዋት፣ የሳሙናው አዋጅ እንዳለቀ፣ ነርሷ ስድስቱን ልጆች ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ዕቃ ቤት ወሰደቻቸው። ሌላ ሰው ቢወስዳቸው ያለቅሳሉ፤ ለእሷ አያለቅሱም፤ የተመረጠችውም ለዚሁ ነው። አምና በእጅ መታጠብ ቀን የተሠራውን ባነር አጥፋ አነጠፈችላቸው። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ብስኩት ሰጠቻቸው። እማማን ከሩዝ ጆንያ ጋር አስደግፋ፣ እግሯን በጋቢ ጠቀለለችላት። ከመካከላቸው የአምስት ዓመቷን «ዳኛዋ»ን ኃላፊ አደረገቻት። ልጅቷ ይህን ስም ያገኘችው የተጣሉትን ሁሉ አቁማ ስለምታከራክርና ሁለቱንም ወገን ስለምትቀጣ ነው። ክንዷ እንደ እርሳስ ነው፤ ድምጿ ግን የሙሉ ሰው ነው። «ድምፅ እንዳይሰማ፤ እኔ እስክመጣ» አለቻት ነርሷ። ዳኛዋ «ማን ደፍሮ» አለች።

በሩ ላይ የሚንጠለጠል ጓጉንቸር ተሰጥቷታል። ዳይሬክተሯ ቆልፊው ብላታለች፤ ልጆች ናቸው፣ ቢወጡስ? ነርሷ ጓጉንቸሩን ማንጠልጠያው ላይ ሰካችው፤ ግን አልጫነችውም። ከሩቅ ሲያዩት የተቆለፈ ይመስላል። በአደጋ ጊዜ ልጅ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

ካቻምና ወጥ ቤቱ ተቃጥሎ ነበር። «በአንድም ሕፃን ላይ ጉዳት አልደረሰም» ብሎ ሪፖርት ተጻፈ፤ እውነትም ነው። ያልተጻፈው ልጆቹ ሲደነግጡ ወደ ውጭ መሮጥ ትተው በየጥጉ መደበቃቸው ነው። አንዱን አልጋ ሥር፣ አንዱን መጋረጃ ውስጥ፣ የመጨረሻዋን ከሁለት ሰዓት ፍለጋ በኋላ የቆሸሸ ልብስ ዘንቢል ውስጥ አገኟት። ያገኘቻት ነርሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዛት፣ ከአሮጌ አንሶላ ረጅም ገመድ ገመደች። ገመዱ ላይ በልጆቹ ቁጥር ቀለበት ሠራች። ወላጆች ከየልጃቸው ያረጀ ልብስ ቁራጭ እንዲያመጡ ለምና፣ በየቀለበቱ ላይ ሰፋችው። ልጁ ማንበብ አይችልም፤ የራሱን አሮጌ ሸሚዝ ግን ያውቃል። ዘንድሮ ቀለበቶቹ ሰባ አንድ ደርሰዋል። የእማማ ቀለበት ቢጫ ጨርቅ ነው፤ አንድ አዝራር አለበት።

ሕጉ ሦስት ነው። ደወል ሲሰማ፣ የትም ይሁን የት፣ ማንም ቁጭ በሉ ቢልም እንኳ፣ ወጥቶ የራስን ቀለበት መያዝ። መናገር የለም። ደግሞም ሲስተር መጥታ አናቱን ካልነካችው በቀር ቀለበቱን የሚለቅ የለም። አናታቸውን እየነካች ነው የምትቆጥራቸው። ዓርብ ዓርብ ያለማቋረጥ ይለማመዱታል። በዚያ ማቆያ ውስጥ ያለ ምንም ማስመሰል የሚሠራው ነገር ይኼ ገመድ ብቻ ነበር፤ በየትኛውም ሪፖርት ላይ ግን አልተጠቀሰም፤ ለገመድ የሚሆን ረድፍ የለም።

ገምጋሚው ሦስት ሰዓት ላይ በፒክአፕ መጣ። ሾፌሩ መኪናዋን ጥላ ሥር አቁሞ ወዲያው ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ። ገምጋሚው ጨዋ ሰው ነው፤ አዲስ ጫማ አድርጓል፤ ጫማው እንደሚጠበው ከአረማመዱ ያስታውቃል። ሰባ አራት ጥያቄ ያለው ቅጽ ይዟል። በዚህ ሳምንት የገመገመው ይኼ አራተኛው ማቆያ ነው፤ ድምፁም እንደዚያ ነው።

ሳሙና አለ? አለ። ሳሙናውን አነሳው፣ አሸተተው፣ በቦታው መለሰው። የእሳት ማጥፊያ አለ? አለ። የተመረመረበት ቀን ተለጥፎበታል? ተለጥፎበታል፤ ትናንት። ውስጡ ምን እንዳለ ቅጹ አይጠይቅም። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን አለ? አለ፤ ተቆልፏል፤ ቁልፉ የዳይሬክተሯ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ክፍት ከሆነ ዕቃው በአገልግሎት ያልቃል። ገምጋሚው «ጥሩ አያያዝ» ብሎ ጻፈ።

ኮሪደሩ ላይ ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል፤ «በአደጋ ጊዜ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ይላል፣ ከሥሩ ቁጥር አለ። ገምጋሚው እሱ ጋ ሲደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ፖስተሩን አሳትሞ ለአርባ ማቆያ ያደለው የእሱ ቢሮ ነው። አንዱ ጥግ ተላጦ ስለነበር በአውራ ጣቱ ተጭኖ መለሰው። ፖስተሩ የመጣ ሰሞን ነርሷ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ጠይቃ ነበር። ዳይሬክተሯ ከላይ የመጣ ነው አለቻት፤ ከላይ የመጣ ነገር የማን ነው አይባልም።

ጤና ክፍል ገቡ። ገምጋሚው ራሱ ከሰልፉ አምስት ልጆች መረጠ፤ ነርሷም ጥብጣቧን አውጥታ ለካቻቸው። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። በለካች ቁጥር ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሰዓት ይሄዳል። አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ከዕቃ ቤቱ ምንም ድምፅ አይሰማም፤ ዳኛዋ ሥራዋን እየሠራች ነው። እማማ ግን ቀድሞም ድምፅ የላትም።

«ሲስተር፣ እንዲህ ያለ ጤና አይቼ አላውቅም» አላት ገምጋሚው።

«እኔም» አለች ነርሷ።

ዳይሬክተሯ ሳቀች፤ ረዘም አድርጋ።

ስልሳ ስምንት፣ ስልሳ ዘጠኝ፣ ሰባ። ነርሷ የጥያቄዎቹን ቁጥር በልቧ እየቆጠረች ነው፤ አራት ቀሩ። አራት ጥያቄ፣ አንድ ፊርማ፣ ከዚያ ማህተም። ገምጋሚው ግን ገጹን ገልጦ ቆም አለ። ድሮ ሰባ አንደኛው ጥያቄ «የአደጋ ጊዜ ልምምድ ተደርጓል?» ነበር የሚለው። አዎ ይባላል፣ ያልፋል። በአዲሱ ቅጽ ላይ ግን ተቀይሯል፤ ገምጋሚው ራሱ ደወሉን ይደውላል ይላል።

ዳይሬክተሯ ልጆቹ የሚተኙበት ሰዓት ደርሷል አለች። ሁለት ደቂቃ ነው አላት። ፀሐዩ ከረረ አለች። እሱም ጫማውን አየና፣ እኔም ቶሎ ብጨርስ ደስ ይለኛል አላት። ዳይሬክተሯ ነርሷን አየቻት። ነርሷ ወለሉን አየች። ጓጉንቸሩን እንዳልጫነችው ያን ጊዜ ልትናገር ትችል ነበር፤ ሮጣ ልትጫነውም ትችል ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም።

ደወሉ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የብረት ቁራጭ ነው። ገምጋሚው በድንጋይ ሦስቴ መታው።

ልጆቹ ወጡ። ሲጫወቱ የነበሩት ጨዋታቸውን፣ ሊተኙ የነበሩት ፍራሻቸውን ትተው ወጡ። አንዱ በአንድ እግሩ ጫማ፣ አንዷ ሱሪዋን በእጇ ይዛ። ነርሷ ገመዱን ከግድግዳው አውርዳ ግቢው ላይ ዘረጋችው፤ እያንዳንዱ ልጅ ጨርቁን ፈልጎ ያዘ። ማንም አልተናገረም። ገምጋሚው ሰዓቱን ያዘ፤ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ስልሳ አምስት ልጅ ቆጠረ። መዝገቡ ላይም ስልሳ አምስት ነው፤ ትናንት ማታ ስድስቱ ስም ቀርቶ እንደ አዲስ የተጻፈ ነው። ፊቱ ላይ እውነተኛ ደስታ ታየ፤ ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

«እነዚህ ባዶዎቹስ?» አለ፣ ስድስቱን ቀለበቶች በእስክሪብቶው እያሳየ።

«መጠባበቂያ ናቸው» አለች ዳይሬክተሯ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

መጠባበቂያው ከልጆቹ መሀል መሀል ላይ ምን እንደሚሠራ አልጠየቀም። «መጠባበቂያ ቀለበት አለው፤ ተሞክሮው ወደ ሌሎች ማቆያዎች ቢሰፋ» ብሎ ጻፈ። ከነጥቡ ላይ እስክሪብቶውን ሳያነሳ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ጓጉንቸሩ መሬት ሲወድቅ ተሰማ።

አምስት ልጆች መጡ። አንዱ የአንዱን ልብስ ከኋላ ይዞ፣ ዳኛዋን አስቀድመው፣ ብስኩታቸውን እንደጨበጡ። በጥላው ውስጥ እንደ ልጅ ነበሩ፤ ፀሐዩ ላይ ሲወጡ ጉልበታቸው ከጭናቸው ወፍሮ ታየ። በገምጋሚው ፊት አለፉ። በዳይሬክተሯ ፊት አለፉ። ወደ ማንም አላዩም፤ የሚያዩት ገመዱን ነው። አንደኛው ሰማያዊ ጨርቁን ያዘ፣ ሁለተኛዋ አበባውን፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን። መጠባበቂያዎቹ አንድ በአንድ ሞሉ። ሕጉን ስለሚያውቁ ማንም ትንፍሽ አላለም።

አንድ ቀለበት ቀረ። ቢጫው፣ አዝራር ያለበት።

ነርሷ ወደ ዕቃ ቤቱ አየች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዳኛዋ አንዴ ነርሷን፣ አንዴ ባዶውን ቀለበት አየች፤ ከዚያ ሕግ አፈረሰች።

«ሲስተር፣ እማማ እንቢ አለች። ደወል ነው፣ ተነሺ አልኳት። ጎተትኳት። ብስኩቷንም አልበላችም።»

ነርሷ ገመዱን ጥላ ሮጠች። ስትሮጥ ያያት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። እማማ እንዳስደገፈቻት ነበረች፤ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ሁለቱ ብስኩቶች ሳይነኩ እግሯ ላይ፣ ዓይኗ ግማሹን ተከፍቶ። እጇ ቀዝቅዟል። ነርሷ ጆሮዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች፤ እስትንፋሷ አለ፤ ግን ሩቅ ነው፣ እየራቀም ነው። ከነጋቢዋ አቅፋ አወጣቻት። ልጅቷ ከጋቢው አትከብድም ነበር።

ገምጋሚው ቅጹን በብብቱ ሸጉጦ ቆሟል። የነርሷን ክንድ፣ ከክንዷ ላይ የተንጠለጠለውን እግር አየና ወደ ኮሪደሩ ፈጠን ብሎ ሄደ። ፖስተሩ ፊት ቆሞ ስልኩን አወጣ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ እያየ መታው።

ነርሷ ዳይሬክተሯ ፊት ቆመች። ወረቀቱን ከኪሷ በሁለት ጣቷ አወጣችው።

«ማህተሙን» አለቻት።

ማህተሙ ከዳይሬክተሯ ቦርሳ አይጠፋም። አወጣችው፤ ወረቀቱን ፒክአፑ አፍንጫ ላይ ዘርግታ መታችው፤ ተገልብጦ ታተመ። ፈረመች። ዘጠኝ ቀን የፈጀው ነገር ግማሽ ደቂቃ አልሞላም። ሾፌሩ ነቅቷል፤ በማን ትእዛዝ ሊል አፉን ከፈተ፤ ነርሷ የያዘችውን አየና አፉን ዘግቶ ሞተሩን አስነሳ። ነርሷ እማማን ታቅፋ ተሳፈረች፤ ዘበኛው በሩን ከፈተ። መኪናዋ ወጣች፤ አቧራው ቀረ።

ገምጋሚው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ከኮሪደሩ ወጣ። ይጠራል። ግቢው ከጸጥታው የተነሣ ጥሪው ለሁሉም ይሰማል።

«አነሡት?» አለች ዳይሬክተሯ።

እስኪያነሡ ልጠብቅ ብሎ ሊመልስላት ስልኩን ከጆሮው አወረደ፤ ዓይኑም ስልኩ ላይ አረፈ። ስልኩ ቁጥሩን ያውቀዋል። ቁጥሩ ከተመዘገበበት ስም ጋር ስክሪኑ ላይ ተጽፏል፤ «ቢሮዬ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው» ይላል።

ዳይሬክተሯ ጠጋ ብላ አነበበችው። ምግብ አብሳይዋም ከትከሻዋ በላይ አነበበችው።

ሰባው ልጆች ቀለበታቸውን ይዘው ቆመዋል። አናታቸውን የሚነካቸው ሰው የለም፤ ስለዚህ የለቀቀ የለም። የቢሮው ስልክም፣ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ባዶ ወንበር አጠገብ፣ መጥራቱን ቀጠለ።